ግብጦውን ማን ቀመሰው?

ሸጋን መጀመሪያ ያየኋት ሐሙስ የካቲት ሁለት ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። የሁለት ዓመት ከአራት ወር ልጅ ነበረች። እናቷ ማናለብሽ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ካለው መንደር አዝላት መጣች። የሦስት ወር ወንድሟን የታቀፉት የማናለብሽ አማት እማማ ካሳነሽ ናቸው። ባሏ ደጉ ሥራ ፍለጋ ወደ ጫግኒ ወርዷል። በእንጅባራ የነበረን ክሊኒክ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ሲሆን ቁስል አጣቢው ድሬሰሩም፣ ጸሐፊውም፣ መድኃኒት አዳዩም እኔ ነበርኩ። አገሬው ግን ሦስቱንም በአንድ ጠቅልሎ "ሐኪም" ነው የሚለኝ።

ልጅቷ ስትታይ ወፍራም ናት። እማማ ካሳነሽም ገና ሳይቀመጡ ይህንኑ ነገሩኝ።

"ልጅቱስ ደህና ናት፤ ይኸው ወፍራለች። እምቢ ያለችን ሳቅ ነው። የመጣነው ለሳቋ ነው።"

አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። ሌላ ልጅ የማያውቀው ሰው ሲይዘው ያለቅሳል። እሷ አላለቀሰችም። ፊቴንም፣ እጄንም፣ በሩንም በአንድ ዓይነት አየቻቸው። ጠጉሯ ቀልቶ ሳስቷል፤ ጥቂቱን በሁለት ጣቴ ስስበው ያለ ምንም ሕመም ተከትሎኝ መጣ። የጭኗ ቆዳ እንደ አሮጌ ቀለም ተልጧል። አውራ ጣቴን የእግሯ አጥንት ላይ ጫንኩና እስከ አምስት ቆጥሬ አነሣሁ። የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። እስከ ሃያ ብቆጥርም አልሞላም።

"ምን ትበላለች?" አልኩ።

"ድንች" አለች ማናለብሽ።

"ጠዋት ነው?"

"ጠዋት ድንች። ቀን ድንች።"

"ማታስ?"

"ማታማ በጨው ነው።"

"ጡት መቼ ተወች?"

እማማ ካሳነሽ ታቅፈው ወደያዙት ሕፃን በአገጯ አመለከተች። "እሱ ሲጸነስ ነዋ።"

ነገሩ ግልጽ ነበር። ድንች ሆድ ይሞላል፤ የልጅ ሥጋ ግን አይሠራም። እንደዚህ ያበጡ ልጆች ባለፈው ዓመት አራት መጥተውልኝ ነበር። ሁሉም ጡት በታናሽ የተነጠቁ፣ ሁሉም በድንች የኖሩ ናቸው። ሦስቱ ክረምቱን አልዘለቁም። ይህን በዚያ ቀን አልነገርኳቸውም።

ከሁሉ በፊት ክብደቷን ማወቅ ነበረብኝ። የክሊኒኩ ሚዛን ከኅዳር ጀምሮ ተሰብሯል። ስለዚህ መንገዱን ተሻግረን ኑርሁሴን ሱቅ ገባን። ኑርሁሴን ማርና ቆዳ የሚመዝንበት፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ሚዛን አለው። ልጅቷን በአንቀልባው እንዳለች መንጠቆው ላይ ሰቀልናት። ያን ጊዜም አላለቀሰችም።

"ስምንት ኪሎ ከስድስት መቶ" አለ ኑርሁሴን። ቀጥሎ ባዶውን አንቀልባ መዘነ። "አንቀልባው ሁለት መቶ ነው። እኔ ቆዳ እንኳ ከነጨው አልመዝንም። ስምንት ከአራት መቶ ብለህ ጻፍ።"

ጻፍኩ።

ችግሩ መድኃኒቱ ነበር። ለእንዲህ ያለ ልጅ የተማርኩት ወተትና እንቁላል ነው። ክሊኒኩ የዱቄት ወተት ነበረው፤ ጥር ላይ አለቀ። የቤቱ ላም ደርቃለች። አንዲቷ ዶሮ ታቅፋለች። ባቄላቸውን ኅዳር ላይ ውርጭ መቶታል። ቢገኝስ? ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል።

"ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም እኮ" አልኳቸው እማማ ካሳነሽን።

"ልጁ ባይጾም ድስቱ ይጾማል" አሉኝ። "አንድ ድስት ነው ያለን፤ አንድ ማንኪያ። በወተት ከነከርነው በምን እናጥበዋለን? አንተስ ልጄ፣ ክርስቲያን አይደለህም?"

ወተት ቢኖር ኖሮ እከራከራቸው ነበር፤ በሌለ ወተት መከራከር ግን ጊዜ ማጥፋት ነው።

በዚያ አገር ከድንች ቀጥሎ የማይጠፋው ግብጦ ነው። ሌላ እህል እምቢ ባለው በደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ብዙ እርሻ አይጠይቅም። ፍሬው ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ነው። እንዲያው ከበሉት እሬት ነው፤ መምረር ብቻ ሳይሆን ራስ ያዞራል። ስለዚህ ተቆልቶ በጆንያ ይታሰርና ወራጅ ውኃ ውስጥ ይከርማል፤ ውኃው መራራውን ይወስደዋል። ከዚያ አረቄ ቤት ይሄዳል። ጠጪዎች በየመሐሉ እየቆረጠሙ ይጠጡበታል። ከባቄላም ከአተርም የበለጠ ገንቢ መሆኑን ከትምህርት ቤት ማስታወሻዬ አውቅ ነበር። ለልጅ ይሰጣል ብሎ ያሰበ ግን አላየሁም።

እኔ ጥቅምት ላይ ሞክሬው ነበር። ሁለት ኪሎ ግብጦ አስቆልቼ ከክሊኒኩ በስተጀርባ ካለው ወንዝ ዘፈዘፍኩ። በየቀኑ አሥር ፍሬ እያወጣሁ ቀመስኩ፤ የቀመስኩትንም ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን ይመራል። በአምስተኛው ምሬቱ ቀንሷል፣ አፍ ግን ያደርቃል። በሰባተኛው ቀን ምንም የለም። ሰባት ቀን። ያችን ቁጥር ያገኘኋት ራሴ ስለሆንኩ ትንሽ ሳልኮራባት አልቀረሁም።

ማናለብሽን አስቀምጬ ደጋግሜ ነገርኳት። ግብጦውን ቁዪው። ወራጅ ውኃ ውስጥ ሰባት ቀን ይቀመጥ። ልጣጩን ላጪ፣ ቀቅዪ፣ ቀምሰሽ ስጫት። መጀመሪያ በጭብጥ፤ ከለመደች በኋላ አድርቀሽ ፍጪውና አንድ እጁን ከሁለት እጅ የገብስ በሶ ጋር አዋህደሽ፣ በትንሽ በትንሹ ጠቅልለሽ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ከድንቹ እኩሌታውን ቀንሺ።

"ምን አልኩሽ?"

አንድ ሳታስቀር መለሰችልኝ። ማንበብ የማይችል ሰው እንደዚያ ሲይዝ አይቼ አላውቅም።

"ልጅን በጠጪ ቆሎ!" አሉ እማማ ካሳነሽ። "ነገ ደግሞ የአረቄ መለኪያ ጨብጣ ትመጣለች።" ቀጥለው ለምራታቸው በአውኛ አንድ ነገር አሏት፤ ማናለብሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ደበቀች። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝና ሰምቻለሁ። "ይህ ሐኪም ሚስት የለውም መሰለኝ" ነው ያሉት። እውነት ነበር።

*

ዓርብ የካቲት አሥር ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹን ይዘው እየሮጡ መጡ። ሸጋ አንገቷ ወደ ኋላ ወድቋል። ዓይኗ ተገልጧል፤ ብሌኗ ግን የዓይኗን ጥቁር ሁሉ ሞልቶታል። ባትሪ ሳበራበት እንኳ አልጠበበም። ከንፈሯና ምላሷ ደርቋል፣ ልቧ ይሮጣል። ላቆማት ስሞክር ጉልበቷ ታጠፈ።

"ምን በላች?"

"የሰጠኸንን" አሉ እማማ ካሳነሽ። "አንተ የሰጠኸንን መርዝ።"

በስኳር የተበጠበጠ ውኃ በማንኪያ በየጥቂቱ ማጠጣት ጀመርን። ትውጠዋለች። የሚውጥ ልጅ ተስፋ አለው። ልቧን በየሩብ ሰዓቱ ቆጠርኩ፤ ሁለት ጊዜ ከቆጠርኩ በኋላ መቀነስ ጀመረ። ያን ጊዜ ማናለብሽን ጠየቅኳት።

"ቆልተሽዋል?"

"ቆልቻለሁ።"

"ውኃው ወራጅ ነው?"

"ወራጅ ነው። ከቤታችን በታች ያለው ዥረት።"

"ስንት ቀን?"

ከመቀነቷ ክር አወጣች። ሰባት ቋጠሮ አለበት። "ከዓርብ እስከ ዓርብ። በየማለዳው አንድ እቋጥራለሁ።"

የተረፈውን ግብጦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው መጥታለች። ስንት እንደበላች ማወቅ ነበረብኝ። ለልጅቷ ማንኪያውን እንዴት እንደሚሰጧት አሳይቼ፣ ቋጠሮውን ይዤ ኑርሁሴን ሱቅ ተሻገርኩ። ማናለብሽ የቀቀለችው ሁለት ጭብጥ እንደነበር ነግራኛለች፤ የተረፈው ሲመዘን አንድ ጭብጥ ግድም ሆነ፤ ሌላውን ልጅቷ በልታዋለች። ፍሬውን በጣቴ አየሁት። ቀለሙ ቡናማ ነው፤ በደንብ ተቆልቷል። አብጧል፤ ውኃ ጠጥቷል። ተልጧል፣ ተቀቅሏል። ያልኳትን ሁሉ አድርጋለች። የቀረው መቅመስ ብቻ ነው።

ሁለት ፍሬ አንሥቼ ለኑርሁሴን ዘረጋሁለት።

"ቅመስልኝ። አንተ አረቄ አትጠጣም፤ ምላስህ ንጹሕ ነው።"

እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። "ምን ነካህ ሐኪም! ረመዳን እኮ ነው።"

"ይቅርታ፤ ረስቼው ነው።"

"ዘንድሮ የእናንተም የእኛም ጾም ገጥሞ ገበያው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ይነጫነጫል፣ አንተ ትረሳለህ? ራስህ ቅመሰዋ።"

ፍሬዋን ወደ አፌ አስጠጋሁና ቆምኩ። ከመደርደሪያው ላይ ያለው የኑርሁሴን ሰዓት አምስት ተኩል ይላል። ቅዳሴ አልወጣም። እኔም ጿሚ ነኝ። ፍሬዋ ከከንፈሬ ሁለት ጣት ርቃ እንዳለች ሁሉም ነገር ገባኝ።

ሸጋ የበላችው ማለዳ ነው። ማለዳ በዚያ አገር አንድም አዋቂ ክርስቲያን ምንም አይቀምስም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም በከንፈሩ አይዞርም። "ቀምሰሽ ስጫት" ያልኳት ጾሙ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ዕለት ትእዛዙ የሚፈጸም ነበር። ሰኞ ጾሙ ገባ፣ ትእዛዙም ከእሷ አቅም ወጣ። እኔ ግን የጾሙን መግቢያ ቀን እያወቅሁ፣ ስለ ድስቱም እየተከራከርኩ፣ ስለ ቀማሹ አላሰብኩም።

"ምነው ደረቅህ?" አለ ኑርሁሴን።

ፍሬዋን ነከስኳት። ምሬቱ ምላሴን ሳይሆን ጉሮሮዬን ነው የያዘው።

"ትፋው እንጂ! ቀመስክ እንጂ አልበላህም። ትፋው!"

ወደ ደጅ ወጥቼ ተፋሁት።

"ሰባት ቀን ይበቃዋል ብለህ አልነበር?"

"ብዬ ነበር።"

"ታዲያ?"

"አልበቃውም።"

ተመልሼ ስገባ እማማ ካሳነሽ ማንኪያውን ይዘው ያጠጧታል። ማናለብሽን ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

"ቀምሰሽው ነበር?"

አማቷን አየች። ከዚያ መሬት አየች። "ማለዳ ነበር" አለች። "ልጅቱ ደግሞ ርቧታል።"

"ማን ይቀምሳል?" አሉ እማማ ካሳነሽ። "እኔ ከተዳርኩበት ቀን ጀምሮ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከንፈሬን አርሼ አላውቅም። እሷም በቤቴ ይህን ነው የለመደች።"

"ጥፋቱ የእሷ አይደለም" አልኳቸው። "የእኔ ነው። የማይፈጸም ነገር ነው ያዘዝኳት።"

ሽማግሌዋ ቀና ብለው አዩኝ። ሐኪም ጥፋቴ ነው ሲል ሰምተው የሚያውቁ አልመሰለኝም። ግን አልለሰለሱም።

"እንግዲያ በቃን። ትትረፍልኝ እንጂ ድንቿን ትበላለች።"

ከቀትር በኋላ የሸጋ ብሌን ሲጠብ አየሁ። ስምንት ሰዓት ላይ የወንድሟን ለቅሶ ሰምታ ጭንቅላቷን አዞረች። አሥር ሰዓት ሲሆን ተቀመጠች። የግብጦው መርዝ እንደ አመጣጡ ለቀቃት፤ እብጠቱ ግን እዚያው ነው። አውራ ጣቴን ጫንኩ፤ ጉድጓዱ ቀረ።

*

በማግስቱ ቅዳሜ ሸጋን አዝለን አብረን ወደ ዘንገና ሄድን። ዥረቱን ማየት ፈልጌ ነበር። ጥቅምት ላይ እኔ የዘፈዘፍኩበት ውኃ ጆንያውን እየገፋ ገመዱን ይወጥረው ነበር። ይህ ግን የካቲት ነው። ዥረቱ እንደ ሹሩባ ቀጥኖ በድንጋዮች መካከል ይንሸራተታል። ማናለብሽ የተረፈውን ግብጦ የያዘውን ጆንያ ከግራር ሥር አስራ ድንጋይ ጭናበታለች፤ አሠራሯ እንከን የለበትም። ነገር ግን የጆንያው ታች ብቻ ነው ውኃ ውስጥ ያለው። ላዩ ርጥብ ነው እንጂ አልታጠበም። ቅዳሜ በጾምም ቢሆን ከማለዳ መብላት ይፈቀዳልና ሁላችንም ቀመስን። ከታች የወጣው ብዙም አይመርም። ከላይ የወጣው ያው እሬት ነው።

"ሰባት ቋጠሮ ቋጥሬ ነበር" አለች ማናለብሽ፤ አሁንም ክሩን ይዛዋለች።

"ቋጠሮሽ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ቁጥሩ ነው። ሰባት የጥቅምት ወንዝ ቁጥር ነው፤ የካቲት የራሱ ቁጥር አለው። እኔም አላውቀውም።"

"የማታውቀውን ነው የምታዝዘን?" አሉ እማማ ካሳነሽ።

"አዎ" አልኩ። "እሱን ነው ያደረግሁት። አሁን ደግሞ የማውቀውን ልንገርዎት። አምና እንደ ሸጋ ያሉ አራት ልጆች አይቻለሁ። ሦስቱን ቀብረናል። ሁሉም ወፍራም ይመስሉ ነበር። በድንች ብቻ ሐምሌን አታይም።"

እማማ ካሳነሽ ልጅቷን ከማናለብሽ ጀርባ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። እኔ ከትናንት ጀምሮ የማስበው መላ ነበረኝ፦ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄጄ ማናለብሽ ለልጇ ስትል በማለዳ እንድትቀምስ ፈቃድ መለመን። አፌን ልከፍት ስል ማናለብሽ ቀደመችኝ።

"ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት የቀመስኩትን ነገ ማለዳ ባበላትስ?"

"እንዴት?" አልኩ።

"በዘጠኝ ሰዓት፣ ጾሙን ስንፈታ፣ ከጆንያው ከላይም ከመሐልም ከታችም አውጥቼ እቀምሳለሁ። የጣፈጠውን ለብቻው በቅል አስቀምጣለሁ። ማለዳ ከቅሉ ብቻ ነው የማበላት። ያልተቀመሰ ቅሉ ውስጥ አይገባም።"

ከዚህ የቀለለ መላ አልነበረም። ቄስ አይጠይቅም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ጾም አይፈታም። የእኔን መላ ዋጥኩት።

"እሷ አትቀምስም" አሉ እማማ ካሳነሽ።

"ምነው እመቴ?"

"ስትቸኩል አውቃታለሁ። ልጅቱ ስታያት ሆዷ ይባባል፤ የመረረው ይጣፍጣታል። ቀማሿ እኔ ነኝ። አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ደግሞ ቀን አትቁጠር። ቀኑን እኔ እነግርሃለሁ።"

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነገሩ የእሳቸው ሆነ። ግብጦውን ከአንድ ጆንያ ለሁለት ከፈሉት፤ ጆንያዎቹም ሙሉ በሙሉ እንዲሰምጡ ዥረቱን በድንጋይና በጭቃ ገድበው ትንሽ ገንዳ አስቆፈሩ። በየማለዳው ማናለብሽ ታገላብጣለች። ኑርሁሴን ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ሚስቱ ዘይነባ አንድ ቁና ምስር ላከች። "ልጅቱ በሚዛኔ ገብታለች፤ ጎድላ ብትመጣ የእኔ ሚዛን ነው የሚታማው" ብሏል። ግብጦው እስኪደርስ ሸጋ የምስር ንፍሮና ክክ በላች።

በዘጠኝ ሰዓት፣ በየቀኑ፣ እማማ ካሳነሽ ከሁለቱም ጆንያ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ይቀምሳሉ። "ገና ነው" ይላሉ። ሰባተኛው ቀን አለፈ፤ ገና ነው። አሥረኛው ቀን ማናለብሽ "ይበቃል መሰለኝ" ብትል፣ "ይኸው! አላልኩም?" ብለው ፍሬውን ተፉት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሦስት ጊዜ አላምጠው ዋጡት። ከዚያ አንድ ጭብጥ ወስደው ቅሉ ውስጥ ጨመሩ። እኔ በማስታወሻዬ ላይ "ሰባት ቀን" የሚለውን ሰርዤ፣ "ከየጆንያው ከላይም ከመሐልም ከታችም ተቀምሶ እስኪጣፍጥ፤ በጾም ወራት በዘጠኝ ሰዓት ተቀምሶ ለማግስቱ ይቀመጥ" ብዬ ጻፍኩ።

*

በየሐሙሱ ይመጣሉ፤ በየሐሙሱ ኑርሁሴን ይመዝናል። በየካቲት የመጨረሻው ሐሙስ ሸጋ ሰባት ኪሎ ከሦስት መቶ ሆነች።

"ቀለለች!" አሉ እማማ ካሳነሽ። ድምፃቸው ተሰበረ። "ይኸው ያን ሁሉ ለፍተን ከሰች። ጉንጯ የት ሄደ?"

"እጅዎን ይስጡኝ።" አውራ ጣታቸውን ይዤ የልጅቷ እግር ላይ አስጫንኳቸው። "እስከ አምስት ይቁጠሩ። አሁን ያንሡት።"

ትንሽ ጉድጓድ ሆነ፤ ወዲያው ሞላ።

"የመጣችሁ ቀን ይህ ጉድጓድ እስከ ሃያ ብቆጥር አልሞላም ነበር። የሄደው ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው። ያን ጊዜ የመዘንነው ልጅና ውኃ ነበር። አሁን የመዘንነው ልጅቷን ብቻ ነው።"

"ከአንቀልባው ሌላ ውኃም መቀነስ ነበረብኛ" አለ ኑርሁሴን።

እማማ ካሳነሽ አላመኑኝም፤ ጣታቸውን ግን አመኑ። ከዚያ ወዲያ ሱቁ ደርሰው ሚዛኑን ከመጠየቃቸው በፊት የልጅቷን እግር ይጫናሉ። በሁለተኛው ሐሙስ ጉድጓድ አልነበረም። በሦስተኛው ሰባት ከስድስት መቶ ሆነች። በጠጉሯ ሥር ጥቁር መስመር ብቅ አለ። ግብጦው ከበሶ ጋር ተጠቅልሎ በቀን ሦስት ጊዜ ይሰጣታል፤ በመሐሉ ደግሞ ተልጦ የተቀቀለውን እንደ ቆሎ ከትንሽ ከረጢት ራሷ እያወጣች ትበላለች። ድንች አልቀረም፤ ማታ፣ በጨው፣ ትንሽ። አሁንም ግን ሳቅ አልነበረም። የሚሰጧትን ሁሉ፣ መጥፎም ሆነ ጥሩ፣ ዝም ብላ ትውጣለች። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነበር። የሰጡትን ሁሉ የሚውጥ ልጅ ከመረረው ራሱን መጠበቅ አይችልም።

ሐሙስ መጋቢት ሃያ አንድ ቀን፣ ሆሳዕና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ኑርሁሴን ጾሙን ከፈታ ሁለት ሳምንት ሆኖታልና ሻይ ይጠጣል። ሸጋን ሰቀላት።

"ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ያለ አንቀልባ፣ ያለ ውኃ።"

ማናለብሽ አውርዳ ከቆዳው ክምር ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ከከረጢቷ አንድ ግብጦ አውጥታ አፏ ከተተች። አኘከች። ሁለተኛዋን ከተተች። ቆመች። ፊቷን አጨማደደች፤ ፍሬዋንም ወደ ወለሉ ተፋቻት።

ኑርሁሴን ሻዩን አስቀመጠ። ማናለብሽ ከረጢቱን ከልጅቷ እጅ ነጥቃ በጡጫዋ ያዘችው፤ ፊቷ እንደዚያ እንደ ዓርቡ ሆነ። እኔ የልጅቷን ዓይን አየሁ፤ ብሌኗ ልክ ነው። ግን ገና አሁን ነው የበላችው፤ ዓይን የሚናገረው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ከቅሉ ውጪ የሆነ ፍሬ ገብቶ ይሆን? መቅመስ ያስፈልጋል። ሦስት ሰዓት ነው።

ጎንበስ ብዬ ላነሣት ስል የእማማ ካሳነሽ እጅ ቀደመኝ። የተተፋችውን ፍሬ ከወለሉ አነሡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አፋቸው ውስጥ ከተቷት። ቀስ ብለው አላመጡ። እንደ ዘጠኝ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ። ዋጧት። ከማናለብሽ ጡጫ ሌላ ሁለት አውጥተው እነሱንም በሉ።

"እመቴ!" አለች ማናለብሽ። "ሦስት ሰዓት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እ...?"

"አይመርም።" ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ልጅቷን አዩአት፤ እሷም አየቻቸው። ሸጋ አያቷ ሲያኝኩ አይታ አፏን እንደሳቸው ታንቀሳቅስ ጀመር። ያን ስታደርግ የታች ጥርሶቿ ታዩ፤ እሳቸውም መልሰው ሲያኝኩላት ድምፅ አወጣች። ሳቅ ነበር።

"አይመርም" አሉ እማማ ካሳነሽ እንደገና። "ጠግባ ነው።"

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ።

"ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ" አሉ፤ "አንቺ ልጅቱን እዘያት።"